የጂዛኑ ኮከብ ግብ አግቢ

ሰውዬውን ያጋለጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ከመቶ ምናምን ሰው መካከል ውሸታም መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ተነሥቼ ተናገርኩ። የተናገርኩት እውነት ነው። እስከ ዛሬ ግን ያን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንዳንድ ጊዜ በሱ፣ አንዳንድ ጊዜ በራሴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለታችንን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ባጎሩን ሰዎች።

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ሳዑዲ ወረቀት የሌለውን ሰው ሁሉ ማፈስ በጀመረችበት ሰሞን ነው። ከጂዛን ብዙም ከማትርቀው ከአቡ ዓሪሽ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ላይ ባሚያ እለቅም ነበር። በየመን በኩል መጥቼ፣ የአል-ሐርስን ተራራ በእግሬ ተሻግሬ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም። የእርሻው ባለቤት፣ ከፊል፣ ማለትም ዋስ የሚሆን አሠሪ፣ እንለው ነበር እንጂ በወረቀትስ የማንም ከፊል አልነበረም፣ አንድ ጧት መጣና "ዛሬ ከማሳው አትውጡ፣ መንገዱ ላይ ሹርጣ አለ" አለን። አመሰገንነው። ከቀትር በኋላ ፖሊሶቹ ማሳው ድረስ መጡ። ከፊት መኪናውን እየነዳ መንገድ የሚመራቸው እሱ ራሱ ነበር። እኛን ሲጭኑን ወደኛ ዞር ብሎም አላየ። የለቀምነው ባሚያ ፀሐይ እንዳይመታው ወደ ጥላው ሲጎትት ነው ያየሁት።

ያስገቡን ጂዛን ከተማ ዳር ወዳለ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከባሕሩ የሚመጣው ወበቅ ልብስን ከቆዳ ጋር ያጣብቃል። መግቢያው ላይ አሻራ ሲያነሡን አንዱ አስከሪ፣ ወታደሩን እንዲያ ነው የሚሉት፣ ሥራዬን ጠየቀኝ። "የእርሻ ሠራተኛ" አልኩት። በጥፊ አጮለኝ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ጆሮዬ ጭው እያለ ገባሁ።

ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው የወሎና የራያ ልጅ ነው፤ ከጅማም ከትግራይም ከአዲስ አበባም አለ። የሚጠጣው ውኃ በርሜል ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ሻይ ይሆናል። መተኛ ፍለጋ ስዞር፣ ከበሩ አጠገብ፣ ያለችው አንዲት መስኮት ሥር፣ ብርድ ልብሱን እጥፍ አድርጎ የተቀመጠ ሰው አየሁ። ከጎኑ ላብ ያላበው የቀዝቃዛ ውኃ ጠርሙስ ቆሟል። ሠላሳን ያለፈ፣ አንገቱ አጭር፣ ትከሻው የበሬ ትከሻ የመሰለ ሰው ነው።

"ማነው እሱ?" አልኩት አጠገቤ የነበረውን። አቡ ዓሪሽ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት የሠራ፣ ዓረብኛ እንደ ውኃ የሚጠጣ ራያ ነው።

"አታውቀውም እንዴ?" አለኝ ተገርሞ። "ኮከብ ግብ አግቢያችን ነው እኮ! የባለፈው የውድድር ዘመን ኮከብ ግብ አግቢ።"

ስሙንም ነገረኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እውነተኛው ባለስም በሕይወት አለ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥም ምንም ጥፋት የለበትም። እኔ ግን ያን ሰው አውቀዋለሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራኝ ነው። የማውቀው ደግሞ በጋዜጣ አይደለም። እኔ ራሴ ጉልበቴ እስኪበላሽ ድረስ ትልቁ ሊግ ውስጥ መሃል ተከላካይ ነበርኩ። ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቼዋለሁ። ማሊያውን ጎትቻለሁ፣ ክርኑን ጥርሴ ላይ ቀምሻለሁ። ይሄ መስኮት ሥር የተቀመጠው ሰውዬ እሱ አይደለም።

መተኛ ፍለጋዬን ቀጠልኩ። ሲጀመር ምን አገባኝ? እዚያ ተጫዋች እንደነበርኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ተጫዋች ነበርኩ ብዬ ባሚያ ስለቅም የሚያየኝ ሰው እንዲኖር አልፈለግሁም።

በሩን የሚጠብቀው ወጣት አስከሪ የኳስ በሽተኛ ነው። ቡድናችንን በቴሌቪዥን አይቶታል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ወደ ዓለም ዋንጫ ልንገባ አንድ ደረጃ ቀርቶን ነበር የወደቅነው። ሰውዬውን "ያ ሀዳፍ!" እያለ ነው የሚጠራው፤ ግብ አግቢው ማለቱ ነው። ለጓደኞቹ "የሐበሻ ሊግ ሀዳፍ እኔ ዘንድ ታስሯል" እያለ ይጎርራል። ቀዝቃዛውን ውኃ የሚያመጣለት እሱ ነው። ብርድ ልብሱንም እሱ ነው የሰጠው።

ክኒኑንም እሱ ነው የሚያመጣው። ይሄን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አዳራሹ ውስጥ አንድ የሐይቅ ከተማ አካባቢ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ስኳር አለባቸው። ተራራውን ሲሻገሩ የቀኝ እግራቸውን ጣት ድንጋይ መትቶት ቁስሉ አልድን ብሏል። ሰውዬው አስከሪውን "አባቴ ናቸው" ብሎት፣ አስከሪው በየሁለት ሦስት ቀኑ ከፋርማሲ የስኳር ክኒን ይዞ ይመጣል። አባባ ክኒኑን ሲቀበሉ "ሀዳፌ፣ አላህ ይጠብቅህ" ይሉታል። ቀዝቃዛውንም ውኃ ብቻውን አይጠጣም ነበር፤ ለታመሙት በክዳን በክዳን ያከፋፍላል።

ይሄን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ነው የጠላሁት።

የጠላሁት በወሬው ነው። ከሰዓት፣ የዐስር ሰላት ካለቀ በኋላ፣ ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ላይ ዘወር ስትል ሰው ይሰበሰብለትና ያስቆጠራቸውን ግቦች በየተራ ያወራል። ደግሞ ሲያወራ ይችልበታል። የሜዳውን ጭቃ፣ የዳኛውን ፊሽካ፣ የደጋፊውን ጩኸት፣ መረቡ ሲወጠር የሚሰማውን ድምፅ ሳይቀር። ሰው በረሃቡ ላይ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። ክርስቲያኑም እስላሙም "በላቸው!" ይላል። እኔ ግድግዳው ጋ ተጋድሜ ጥርሴን እነክሳለሁ። የኮከብ ግብ አግቢ ወሬ ድሮም አልወድም። የሊጉ ዘመን አልቆ እሱ መድረክ ላይ ዋንጫ ሲስም ሁሉ ሰው ያጨበጭባል። እነዚያ ግቦች የገቡበት ተከላካይ የት እንደገባ፣ ሰኞ ጧት በየትኛው መንገድ ተደብቆ ወደ ልምምድ እንደሄደ የሚጠይቅ የለም። እውነተኛው ሲሸለም እንኳ የሚያንገበግበኝ ነገር፣ ለዚህ ቀጣፊ ሲጨበጨብለት እንዴት ልቻለው?

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት፣ ከዓመታት በፊት በዝናብ የተደረገ አንድ ጨዋታ ማውራት ጀመረ።

ገና የከተማውን ስም ሲጠራ ከተጋደምኩበት ቀና አልኩ። ያ ጨዋታ የኔ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ጉልበቴ ለሳምንት አብጦ ሰንብቶ ነበር። አሠልጣኙ "ሌላ ሰው የለኝም" አለና መርፌ አስወግቶ አስገባኝ። ከዕረፍት በኋላ ኳሷ ከኋላ ተሻግራ መጣች፤ ዞሬ ልከተላት ስል ጉልበቴ ውስጥ እንጨት እንደሚሰበር ቀጭ አለ። ወደቅሁ። ያ እውነተኛው አጥቂ አልፎኝ ሄዶ በግራው አገባት። ስታዲየሙ ሳቀ። ያስቃል፤ ማንም ሳይነካው ብቻውን የተዘረረ ተከላካይ ያስቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ክለቡ ቤቴ ድረስ መጥቶ "እንዴት ነህ?" ያለኝ አንድም ሰው የለም።

ሰውዬው ግን እንዲህ ብሎ ነው ያወራው።

"መሃል ተከላካዩ እንደ ግመል ነው፣ ረጅም። መጣሁበት። በቀኝ አብዶ ሠራሁለት፣ ወደ ግራ ሄደ። በግራ ሠራሁለት፣ ወደ ቀኝ ሄደ። በሦስተኛው እግሩ ተሳስሮበት በቂጡ ጭቃው ላይ ዘጭ! ኳሷን አቁሜ ቆሜ ጠበቅሁት፣ ወላሂ። 'ተነስ ወንድሜ፣ ልብስህ ይቆሽሻል' አልኩት። ከዚያ በቀኜ ነካ አድርጌ አስገባኋት።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አባባ እንኳ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አጠገቤ ያለው ራያ ጭኔን እየመታ፣ "ሰማኸው? ልብስህ ይቆሽሻል አለው!" አለኝ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም።

"ውሸታም!" አልኩ። ድምፄ ቆርቆሮውን መትቶ ተመለሰ። "አንተ ቀጣፊ! እሱ አይደለህም!"

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለ አንዱ።

"ያ የወደቀው ተከላካይ እኔ ነኝ። ይሄን ሰውዬ ሜዳ ላይ አይቼው አላውቅም።"

ሳቁ እንደገና ተነሣ፣ ከመጀመሪያው ባሰ። "እሰይ! አሁን ደግሞ ተከላካዩ መጣላችሁ!" አለ አንድ ሌላ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። ቀና ብሎ አየኝ። በዓይኑ ለመነኝ፤ ከዓይኑ ጋር አባባ ወደተቀመጡበት በአገጩ ትንሽ ጠቆም አደረገ። ገብቶኛል። ገብቶኝ እያለ አለፍኩት።

"በየትኛው እግርህ ነው ያገባኸው?" አልኩት።

"በቀኜ አልኩ እኮ።"

"ሰውየው ግራኝ ነው! አገር የሚያውቀው ግራኝ!"

ጥግ ላይ ከተቀመጡት አንዱ "ውነቱን ነው፣ ግራኝ ነው" አለ ቀስ ብሎ። ሌላውም "አዎ፣ ግራኝ ነው" አለ። ሳቁ ከጥግ እስከ ጥግ እየጠፋ ሄደ። ጩኸቱን ሰምቶ አስከሪው በሩን ከፈተና "ምንድን ነው?" አለ። ራያው ተነሥቶ የሆነውን በሙሉ ተረጎመለት። ያንን የተረጎመበትን ምላሱን በኋላ ሲረግም ሰምቼዋለሁ።

አስከሪው መጀመሪያ ሳቀ። "ሀዳፍ፣ እውነት ነው?"

"ይዋሻል" አለ ሰውዬው።

"ታዲያ ቀላል ነው" አለ አስከሪው። "ያላ፣ ውጡ። ኳስ አለን።"

ግቢው ጠጠር ነው። አስከሪዎቹ የፕላስቲክ ወንበር ወደ ጥላው አወጡ፤ ሁለት ጀሪካን አቁመው ግብ አበጁ። ውስጥ ያሉት እስረኞች በመስኮቷ ላይ ተደራርበው ያያሉ። ባዶ እግራችንን ነን። ጨዋታው አጭር ነው፦ እሱ ኳሷን ይዞ አልፎኝ በጀሪካኖቹ መካከል ማስገባት አለበት። አንዲት ግብ ካገባ ሀዳፍ ነው።

የመጀመሪያዋን ገና ሲነካት አርቆ ለቀቃት፤ ወሰድኩበት። በሁለተኛው አብዶ ልሥራ ብሎ ኳሷ ላይ ቆመና ሊወድቅ ሲል በእጁ መሬት ተደገፈ። አስከሪዎቹ ተንጫጩ። ኳስ ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው እንዳልሆነ ለዓይነ ስውርም ይታያል። በሦስተኛው በትከሻው ገፍቶ መጣ። ጉልበት አለው፤ ደረቴ ላይ ተለጥፎ፣ ትንፋሹ ፊቴ ላይ እየነደደ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ "ወንድሜ፣ አንዷን ብቻ ልቀቅልኝ" አለኝ።

አልለቀቅሁለትም። በደህናው እግሬ ተንሸራትቼ ኳሷንም እሱንም አንድ ላይ ነቀልኳቸው። በፊቱ ጠጠሩ ላይ ተደፋ። ንጹሕ ነጠቃ ነበር፤ የትኛውም ዳኛ ፊሽካ አይነፋበትም። ልዋሽ አልችልም፣ ያኔ ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰውነቴ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ፤ ቆሜ ኳሷን በእግሬ ረግጬ ስተነፍስ፣ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ሌሎቹ አስከሪዎች "ሀዳፍ! ሀዳፍ!" እያሉ ይጮሁ ጀመር፤ የሚያላግጡት በሰውዬው ላይ ሳይሆን በጓደኛቸው ላይ ነው። ወጣቱ አስከሪ ፊቱ ደም መሰለ። ሄዶ ሰውዬውን በአንገቱ አነሣውና በጥፊ መታው። ከንፈሩ ጠጠሩ ላይ ሲደፋ ቀድሞም ተሰንጥቆ ነበር። "አባትህስ?" አለው። "እሱም ውሸት ነው?"

ሰውዬው መሬት መሬት አየ።

"ኸላስ" አለ አስከሪው፤ አበቃ ማለቱ ነው። ብርድ ልብሱን ወሰደ፣ ጠርሙሱን ወሰደ፣ በሩን ዘጋ።

ማንም አልመታኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ስገባ ሰው ሁሉ ዕቃውን ከአጠገቤ ሰብስቦ ራቅ አለ፤ በዚያ ሰው በሰው ላይ በተኛበት አዳራሽ ውስጥ በዙሪያዬ ባዶ ቦታ ተፈጠረ። ራያው እንኳ ጀርባውን ሰጠኝ። እኔም ተቆጣሁ። ምን አጠፋሁ? እኔ ነኝ የዋሸሁት? ሰው በውድቀቴ፣ በተሰበረ ጉልበቴ ሲስቅ ዝም ብዬ መስማት ነበረብኝ? ይሄን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የመለሱልኝ አባባ ብቻ ናቸው።

"ልጄ" አሉ፣ ቁስላቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ፣ "የተናገርከው ሐቅ ነው። ግና ማን ጠየቀህ?"

በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ራሱ መጥቶ ባዶው ቦታ ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ከንፈሩ አብጧል። ሊደባደብ የመጣ መስሎኝ ተዘጋጀሁ።

"ያን ቀን ጉልበትህ ነው የከዳህ?" አለኝ።

"ምን አገባህ?"

"ራዲዮው 'ተከላካዩ ተንሸራተተ' ነው ያለው፤ ሌላ ምንም አላለም። የቀረውን ከሆዴ ነው የጨመርኩበት። በሕይወት ያለ ሰው መሆንህን አላሰብኩም። አፉ በለኝ።"

ይቅርታው ጭራሽ አናደደኝ። "ይቅርታህን አልፈልግም። ማነህ አንተ? ለመሆኑ ስታዲየም ገብተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አለ። "ኮምቦልቻ እህል ተራ ተሸካሚ ነበርኩ። እህል ስናወርድ ራዲዮዋን ሚዛኑ ላይ እናንጠለጥላታለን። ግቦቹን ሁሉ ኩንታል ተሸክሜ ነው የሰማኋቸው።"

"ታዲያ ለምን ዋሸህ?"

"እዚህ ሲያስገቡኝ አንዱ አስከሪ ሥራህ ምንድን ነው አለኝ። ተሸካሚ ነኝ አልኩት። ሳቀና መታኝ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ጠየቀኝ። ኳስ ተጫዋች ነኝ አልኩት። ውኃ ሰጠኝ። ሦስተኛው ሲጠይቀኝ፣ አንተ ብትሆን ምን ትለው ነበር?"

እኔ እውነተኛው ተጫዋች የእርሻ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ተመትቼ ነው የገባሁት። እሱ፣ ኳስ መንካት የማይችለው፣ ከኔ ሥራ ላይ ክብሩን አንሥቶ ለብሶ፣ ከዚያም አልፎ ለሌሎች አልብሶ ነበር። እኔ ልጠቀምበት ያፈርኩበትን ነገር እሱ ሠራበት። ያንገበገበኝ ይሄ መሆኑን ያኔ አወቅሁ። ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም።

ክኒኑ ከቀረ በስድስተኛው ቀን አባባ መነሣት አቃታቸው። ውኃ ይጠጣሉ፣ ያስመልሳሉ፣ እንደገና ውኃ ይላሉ። እግራቸው ከቁስሉ በላይ ጠቁሮ ይሸታል። የቀትር ፀሐይ ቆርቆሮውን እያጋለው ነው። ሰውዬው ቀድሞ በሩን መታ። አስከሪው በመስኮቷ አይቶት "አንተ ውሸታም፣ ዞር በል" አለው።

እኔ ተነሣሁ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ፣ "ስማኝ" አልኩት። "የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሱ እውነተኛው ሀዳፍ ነው። ቀንቼበት ነው። ያን ቀን እግሩን አሞት ነበር። ሽማግሌው አባቱ ናቸው፣ በአላህ፣ እየሞቱ ነው።"

አስከሪው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። "እናንተ ሐበሾች" አለ፣ መስኮቷንም ዘጋት።

በዚያች ቅጽበት የሆንኩትን መሆን ዳግመኛ አልፈልግም። በሩን በእግሬ ደበደብኩ፣ በታመመውም በደህናውም። ሰውዬው በትከሻው ይመታል። ራያው መጣ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። መቶ ምናምን ሰው ጣሳ፣ ጫማ፣ ቡጢ፣ ያገኘውን ይዞ በሩንና ቆርቆሮውን ቀጠቀጠው። ብዙ ቆይቶ ማዕረግ ያለው ሰውዬ መጥቶ አስከፈተ። አዝኖ አይደለም፤ ጩኸቱ ቢሮው ድረስ ደርሶበት ነው። አባባን በብርድ ልብስ ተሸክመን እስከ መኪናው አደረስናቸው፤ የፊቱን ጫፍ እኔ፣ የኋላውን እሱ ይዘን። እጃቸው እጄን ፈልጎ ያዘኝና ለቀቀኝ። የት ሆስፒታል እንደወሰዷቸው የነገረን የለም። በጠየቅን ቁጥር "ነገ" ይሉናል።

ከሳምንት በኋላ በአውቶቡስ ወደ ጂዳ፣ ከጂዳ በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት አሳፈሩን። ሰውዬው ከኔ በፊት በሄደው አውቶቡስ ነው የተጫነው። አልተሰነባበትንም።

የአባባን ነገር የሰማሁት ከወራት በኋላ ደሴ ላይ ነው። በኋለኛው በረራ የተመለሰ አንድ የዚያ አዳራሽ ሰው አግኝቶ ነገረኝ። ተርፈዋል፤ አገራቸው ገብተዋል። ቀኝ እግራቸውን ግን ከጉልበታቸው በታች ቆርጠውታል። "ቁስሉ ድሮም የነበረ ነው፣ ክኒኑ ባይቀርም ይቆረጥ ነበር" አለኝ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ። ይሆናል። ሐኪም አይደለሁም። ሐይቅ ከደሴ ምን ያህል ነው? አባባን ልጠይቅ ብዬ አንድ ሁለት ጊዜ ታክሲ ተራ ድረስ ሄጃለሁ። አልተሳፈርኩም።

ሰውዬውን ያየሁት በዚያው ዓመት ክረምት፣ ኮምቦልቻ መነኸሪያ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ደሴ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ እሠራ ነበርና ሚስማርና ሙጫ ልገዛ ወርጄ ነው። ከኋላዬ "ተከላካዩ!" ብሎ ጠራኝ። ከስቷል። ጀርባው ላይ ትንሽ ቦርሳ፣ እግሩ ላይ አዲስ ሸራ ጫማ አለ። ተቃቀፍን፤ ለምን እንደተቃቀፍን አላውቅም። የአባባን እግር ነገርኩት። ራሱን ይዞ ቆየና "አላህ ያቆያቸው" አለ።

"አንተስ ወዴት ነህ?" አልኩት።

በአገጩ ወደ ባቲ መንገድ አሳየኝ።

"ምን አለ ባቲ?"

"ባቲ ምንም የለም። ከባቲ ወደ አፋር፣ ከዚያ ባሕሩ። መንገዱን ታውቀዋለህ።"

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። "አብደሃል?" አልኩት። "እንደዚያ አድርገው አስወጥተውህ? ያን ተራራ? ያን አዳራሽ?"

"እህል ተራ ሄድኩ" አለኝ። "ቦታዬን ሌላ ይዞታል። ወረዳ ሄድኩ፤ ተመላሾችን እናደራጃለን ብለው መዘገቡኝ። ሦስት ጊዜ መዘገቡኝ። ምን ላድርግ? አንተም ና። ሁለት ሆነን ይሻላል።"

ያኔ የተጠራቀመው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። መነኸሪያው መሃል ሰደብኩት። ደደብ አልኩት፤ ውሸታም አልኩት፣ ለሁለተኛ ጊዜ። አንገቱን ይዤ ነቀነቅሁት። ሰው ተሰበሰበ፤ ተራ አስከባሪው ሊገላግለን ገባ። ሰውዬው አልገፋኝም። ከእጄ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ "በል ደህና ሁን፣ ጉልበትህን ጠብቅ" አለኝና ከቆሙት ሚኒባሶች ወደ አንዷ ገባ። ከኋላ ወንበር፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ረዳቱ "ባቲ! ባቲ! አንድ ሰው!" ይላል። የጎደለው አንድ ሰው ሞላ። መኪናዋ ተንቀሳቅሳ በበሩ ስትወጣ፣ የያዝኩት ከረጢት ተቀድዶ ሚስማሩ እግሬ ሥር ተበትኖ፣ እኔ ገና እየጮኽኩበት ነበር።